የዋይፋያችን አሟሟት

የቤታችን ዋይፋይ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ ማታ ስተኛ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ። ማክሰኞ ስነሳ አንዷ ብቻ ቀርታ፣ እሷም ቀልታ፣ የተበደለ ሰው ዓይን መስላ ታፈጥብኛለች። የተማረ ሰው በዚህ ጊዜ መመሪያውን አውጥቶ ያነባል። እኔ ግን የቤታችን የቴክኖሎጂ ኃላፊ ስለሆንኩ መመሪያ አያስፈልገኝም። ነቀልኩት፤ ሰካሁት። አልሠራ ሲል እንደገና ነቀልኩትና በደንብ ሰካሁት። በደንብ ማለት በቁጣ ማለት ነው።

ይህን ሹመት ያገኘሁት ተወዳድሬ አይደለም። ደብረ ታቦር ባለው ቤታችን የምንኖረው እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ እናቴ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ሪሞት የምትነካው አቧራውን ለመጥረግ ነው። እኔ የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሲሆን ጠረጴዛዬ ላይ ኮምፒውተር አለ። ደብዳቤ ከመተየብ ያለፈ ነገር ሠርቼበት አላውቅም። ሰፈሩ ግን ይህን አይሰማም። የማንም ቤት ሬዲዮ ሲያንኮራፋ፣ የማንም ቤት ቴሌቪዥን አልበራ ሲል "እሱ የኮምፒውተር ሰው ነው" ተብሎ እኔ እጠራለሁ። ሄጄም ነቅዬ እሰካለሁ። ግማሹ ይሠራል፤ ክብሬም እስከ ዛሬ የቆየው በዚያ ግማሽ ነው።

በሌላ ሳምንት ቢሆን ዋይፋዩ ሞቶ ተዝካሩ እስኪወጣ ግድ አልነበረኝም። ችግሩ ሳምንቱ ነው። ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እረፍት ስታገኝ በቪዲዮ ትደውላለች፤ እናቴም ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰው ቤት በእንግድነት የተጠራች ይመስል ስልኬ ፊት ትቀመጣለች። የስልክ ዳታ በከተማችን ከተቋረጠ ቆይቷል። ያለን መንገድ በመስመር ስልኩ ሽቦ የሚገባው ዋይፋይ ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ታዲያ እህቴ ረቡዕ ዕለት ኦፕራሲዮን ልትሆን ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። የሐሞት ጠጠር ነው። ለወራት ሲያሠቃያት ኖሮ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፤ ለእናታችን ትንፍሽ እንዳልልም አስማለችኝ። "ዓርብ ቁጭ ማለት ከቻልኩ እደውላለሁ። ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆኜ አዋራታለሁ" አለችኝ። ካልደወለች ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

በመደበቅ የሚስተካከለን የለም። እኛ ዘንድ ሰው ሞቶ ተቀብሮ እንኳ ለወንድሙ የሚነገረው "ትንሽ አሞታል፣ ለማንኛውም ጋቢህን ይዘህ ና" ተብሎ ነው። መንገደኛው ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ድንኳኑን እስኪያይ ድረስ አብሮት የሚጓዘው ሰው ስለ ዝናቡ ያወራዋል። በዚህ ትምህርት ቤት ላደገ ሰው አንዲት የሐሞት ጠጠር ከእናቱ መደበቅ ምን ያቅተዋል? ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት በፊቴ ላይ ምንም እንዳይታይ ተጠንቅቄ፣ እያፏጨሁ ሁሉ ዋይፋዩን ስነቅልና ስሰካ አረፈድኩ።

እናቴ በሩን ተደግፋ ታየኛለች። በወትሮው ይህ ሳጥን ሲበላሽ እኔ ስበሳጭ ነው የምታውቀው እንጂ ራሱን ቀና ብላ አይታው አታውቅም። በዚያን ቀን ግን ምን ሆኖ ነው፣ ይድናል ወይ እያለች ተመላልሳ ጠየቀችኝ። ዓርብ ልጇን ማየት እንዳይቀርባት ሰግታ ነው ብዬ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አስደንግጦት እንደሆነ፣ እንደሚድንም ነገርኳት። በእኛ ከተማ የተበላሸን ነገር ሁሉ ያበላሸው ሄዶ የመጣ መብራት ስለሆነ ምርመራው ብዙ አላደከመኝም።

ለደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ሙዚቃውን በቃሌ ከያዝኩት በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች። መብራቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ቀይ ነው አልኳት። ነቅዬ እንድሰካው መከረችኝ። ነቅያለሁ አልኳት። እንግዲያው አሁን፣ እሷ እየሰማች እንድነቅለው ጠየቀችኝ። እየሰማች ነቀልኩ። የመንቀል ችሎታዬ በባለሥልጣን ፊት ሲመዘን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። በመጨረሻም ባለሙያ እንደሚላክልን አበሰረችኝ። መቼ ብላት "በቅርብ ቀን" አለች። ይህን ቃል የፊልም ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ አውቀዋለሁ፤ ልዩነቱ ፊልሞቹ አንዳንዴ ይመጣሉ።

ከሳጥኑ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ በሹል ነገር ተጭኖ መያዝ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ እንደሚያስጀምር የነገረኝ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ነው። የእናቴን መርፌ ቁልፍ ተውሼ ተጫንኩት። ቀይዋም መብራት ጠፋች። ባልደረባዬ አልዋሸኝም፤ ሳጥኑ ከካርቶኑ በወጣበት ቀን እንደነበረው ሆነ፣ ያለ አንዳች መብራት።

ረቡዕ ጠዋት ከቢሮ ሾልኬ ዋይፋይ አለው ወደሚባል ሆቴል ሄድኩ። ማኪያቶ አዝዤ፣ የይለፍ ቃሉን ከአስተናጋጁ ለምኜ፣ ስልኬን ወደ መስኮቱ ዘርግቼ ስጠብቅ አንድ መልእክት ገባ። እህቴ ናት። "ልገባ ነው። ጸልይልኝ" ይላል። መልስ መጻፍ ስጀምር መስመሩ ጠፋ። አስተናጋጁን ምነው ብዬ ብጠይቀው ሰው በዝቶ ተጨናንቆ ነው አለኝ። በአዳራሹ ውስጥ የነበርነው እሱና እኔ ነን። በመደበኛ የስልክ ጥሪ ልሞክር ብዬ ብደውል አንዲት ሴት በዓረብኛ ረዘም ያለ ንግግር አደረገችልኝና ዘጋችው። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ፈርቼ ነበር። ከቤታችን ጸሎት የሚያውቀውን ሰው ትታ እኔን መለመኗ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ይዤ አስፋልቱ ዳር ወዳለ ጠጋኝ ሄድኩ። በሩ ላይ "ማንኛውንም ኤሌክትሮኒክስ እንጠግናለን" የሚል ተጽፏል፤ ውስጥ ሲገባ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ሳይጠገን መደርደሪያው ላይ ተኮልኩሏል። ጠጋኙ ጎልማሳ ነው፤ ሙያውን ከእጁ ይልቅ በአፉ ያሳያል። ገና ሳጥኑን ሳይቀበለኝ መብራት ነው ያቃጠለው አለ። አይዞህም አለኝ፤ እዚህ ጋፋት ብረት ቀልጦ መድፍ የተሠራበት አገር ተቀምጠን ይቺ የፕላስቲክ ሳጥን ልታሸንፈን ነው ወይ ብሎ ሳቀ። መድፉን የሠሩት ሰዎች በንጉሥ ቁጣ ተገደው እንደነበር ላስታውሰው አሰብኩና ብሎኖቹን እየፈታ ስለነበር ተውኩት።

ክዳኑ ሲነሳ ሁለታችንም አንገታችንን አሰገግን። ሽቦዎቹ የተበየዱበት ሰሌዳ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ዝጎ፣ መሐሉ ላይ ግራጫ ጭቃ ተጋግሮበታል። ጥጉ ላይ ውሃ አቁሯል። ጠጋኙ ስለ መድፉ ማውራቱን ተወና ድመት አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለንም፤ ጎረቤታችን ግን አላቸው። ድመት ሙቀት ስለምትወድ እንዲህ ያለ ሳጥን ላይ መተኛት እንደምታዘወትር፣ ከተኛች በኋላም ምን እንደምታደርግ አብራራልኝ። ሳጥኑን ጠራርጎ እንደሚሞክር ነግሮኝ ነገ ተመለስ አለኝ። እኔ ግን ተስፋ ስላላደረግሁ ባሕር ዳር ላለ ጓደኛዬ ደውዬ አዲስ ገዝቶ በሚኒባስ እንዲልክልኝ ለመንኩት።

ወደ ቤት የገባሁት በጎረቤታችን በኩል ነው። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ለወትሮው እጅ ነስቼ ነው የማልፋቸው። በዚያን ቀን ግን ድመትዎን አንድ ይበሉልኝ አልኳቸው። ምን አደረገች ብለው ጠየቁኝ። ያደረገችውን ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ተነስተው ድመቷን ከመደቡ ላይ አፍሰው ፊቴ ላይ ደቀኑብኝ። እስኪ ዓይኗን እያት፣ ይህ በሰው ዕቃ ላይ የምትሸና ሰው ፊት ነው ወይ አሉኝ። ድመቷ አዛጋችብኝ። የማስረጃ እጥረት ስላለብኝ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ፤ ሴትዮዋ ግን ከዚያ ወዲያ ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚመልሱት።

ሐሙስ፣ የሆቴሉ መስመር አሁንም እንደጠፋ አይቼ፣ ወደ ጠጋኙ ስመለስ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። ባርኔጣውን አውልቋል። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ የለም፤ በአዲስ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈችው የእመቤታችን ሥዕል ሥር ተቀምጧል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩ የድመት አለመሆኑን ነገረኝ። በጣቱ አሽቶ፣ አሽትቶ፣ ደርሶበታል። 

"እምነት ነው" አለኝ። "ጠበልና እምነት። እኔ እንዲህ ያለውን አልነካም።"

ማንም የሚያውቀው ያ የቤተ ክርስቲያን አመድ፣ በጠበል ተለውሶ የታመመ ሰው የሚቀባው እምነት፣ የእኔ ዋይፋይ ሆድ ውስጥ ተገኘ። እንግዲያው ቆሻሻ ውስጥ ጣለው ስለው ጠጋኙ ደነገጠ። ጠበል የነካውን ዕቃ ቆሻሻ ላይ መጣል አይቻልም፤ መልሶ መጠቀምም አይቻልም፤ ማቃጠል ደግሞ የባሰ ነው። በሁለት እጁ አንስቶ ሰጠኝ፤ እኔም ሳላስበው በሁለት እጄ ተቀበልኩት። በዚህ ዓለም ላይ ብዙ ዋይፋይ ተበላሽቷል፤ እንዲህ በክብር ታቅፎ በአስፋልት ላይ የሄደ ግን ያለ አይመስለኝም። መንገድ ላይ ያገኘኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝና ዳቦ ነው አልኩት።

እየሄድኩ ተናደድኩ። ቤታችን ውስጥ ጠበል የሚይዝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ አይደለሁም። እህቴ ሐኪም ቤት ተኝታ ትኑር ትሙት በማላውቅበት ሰዓት፣ ያለችንን አንዲት መስመር እናቴ በጠርሙስ ውሃ ገድላታለች። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ሄድኩ። በስላቅ የሚያህለኝ ስለሌለ ብዙ ጥሩ ጥሩ ነገር አገኘሁ።

እናቴ ደጅ ተቀምጣ ገብስ ትለቅማለች። ሳጥኑን ከሰፌዱ አጠገብ አስቀመጥኩላት።

"ለመሆኑ ዋይፋዩን ክርስትና ያስነሳው ማነው?" አልኳት።

አልሳቀችም። ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ ላስቲኩን ፈታችና ውስጡን አየች። እሷ መሆኗን ለመደበቅ አልሞከረችም። ካለፈው ወር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ እኔ ሳልነሳ፣ በጠርሙሱ ክዳን እየለካች በሳጥኑ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ጠብ ታደርግ ነበር። ሰኞ ማታ ልቧ ስለፈራ እምነቱን ጨመረችበት። ኤሌክትሪኩ እሷን አለመያዙ ተአምር ነው ብትለኝ በዚያ ላይ አልከራከራትም።

"አብዝቼበት ነው?" አለችኝ።

ያዘጋጀሁት ስላቅ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ይልቅ ለምን እንዳደረገችው ጠየቅኋት።

"ድምጧ በዚህ አይደል የሚመጣ? መልኳስ በዚህ አይደል?" አለች። "በሚመጣበት ጠበሉ ቢሄድላት ብዬ ነዋ። ታማለች። ጎኗን ይዛ ነው የምትስቅ።"

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስልኩን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ስክሪኑን የምጠርገው፣ ድምፁን የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። እህቴ ጎኗን ይዛ እንደምትስቅ አላየሁም። ካወቀች ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ገብሱን መልቀሟን ቀጠለች።

"አንተስ መቼ ነገርኸኝ?" አለች።

ነገርኳት። የሐሞት ጠጠር እንደሆነ፣ ረቡዕ ኦፕራሲዮን እንደገባች፣ ከዚያ ወዲያ ምንም እንደማላውቅ፣ ዓርብ ከቻለች እንደምትደውል። እናቴ ስለ ጠጠሩም ስለ ሐኪሙም አልጠየቀችኝም። አጠገቧ ማን አለ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ማንም እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ሳጥኑን መልሳ ጠቀለለችና ወደ ውስጥ ይዛው ገባች።

ዓርብ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባሱን ጠበቅሁ። ሹፌሩ አዲሱን ዋይፋይ ከወንበር ሥር፣ እግራቸው ታስሮ ከተጋደሙ ዶሮዎች መሐል ጎትቶ አወጣልኝ። እንቁላል አለመጣላቸውን አረጋግጬ ወደ ቤት ሮጥኩ። መስመሩ የሚከፈትበትን የይለፍ ቃል ለመጠየቅ ብደውል "ሲስተም የለም" አሉኝ። ሲስተም ማለት ምን እንደሆነ፣ ሲሄድም የት እንደሚሄድ በዚህ አገር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁላችንም ግን ዕድሜያችንን የምንፈጀው እሱን ስንጠብቅ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከሄደበት ተመለሰ። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። መብራቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። እናቴ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ከሩቅ ቆመች፤ ገና ሳልናገራት "አልነካውም" አለችኝ።

ከዚያ ተቀምጠን ጠበቅን። የምትደውልበት ሰዓት መጣ፤ አለፈ። የላክሁላት መልእክት ሁሉ ሳይነበብ ተደርድሯል። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በማንም ላይ የምሳለቅበት ነገር አጣሁ። በደንበኞች አገልግሎቱም፣ በአስተናጋጁም፣ በድመቷም ላይ ምንም አላልኩም። ትደውል ብቻ ነበር የምለው።

ስልኩ ጮኸ። እህቴ ናት። ነጭ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሻሿን አሳምራ አስራለች፤ ከንፈሯን ቀለም ቀብታለች። ፊቷ አመድ መስሏል። እየሳቀች፣ ደህና እንደሆነች፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት እንደሰነበተ፣ እመቤቲቱ እረፍት እንደሰጠቻት በአንድ ትንፋሽ አወራች። እናቴ ሳታቋርጣት አስጨረሰቻት።

"ቁስልሽን አሳዪኝ" አለቻት።

እህቴ ወደ እኔ አፈጠጠች።

"እሱን ተዪው። አሳዪኝ።"

እህቴ መሳቋን ተወች። አንገቷን ደፋች፤ ስልኩን ዝቅ አድርጋ ልብሷን ቀስ ብላ ገለጠች። በቀኝ ጎኗ በኩል፣ ቆዳዋ ላይ፣ የተለጣጠፉ ትንንሽ ነጫጭ ፋሻዎች ታዩ፤ ከመሐላቸው አንዱ ቀላ ብሏል። በዚያው ቅጽበት ምስሉ ደረቀ፤ ድምፁም አብሮ ቆመ። እህቴ ልብሷን እንደያዘች፣ እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረች። የማውቀው ሙያ አንድ ነው፤ ነቅዬ ልሰካው ወደ ዋይፋዩ ዘወር ብዬ ገመዱን ያዝኩ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"አትንካው" አለችኝ። "ልያት።"

ገመዱን ለቀቅሁት፤ ስልኩንም ወደ እሷ አስጠጋሁላት።